አያቴ ያልሰካችው ኬብል

አክስቴ ለአሥራ አንድ ዓመት ፎቶ ኮፒ ስታነሳ ኖራለች። በመሥሪያ ቤቷ ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ "ኮፒ" ነው የሚሏት። "ኮፒ፣ አርባ ገጽ ነው፣ ፊትና ጀርባ!" "ኮፒዬ፣ በናትሽ ቶሎ በይ፣ ስብሰባ ገብተዋል!" እሷ አትቆጣም። ማሽኑ ሲሞቅ ክዳኑን ከፍታ ታናፍሰዋለች፣ ወረቀት ሲይዝ ጣቷን አሹልካ ታወጣለታለች፤ ያባዛችውን ሁሉ ደግሞ ሳታነብ አታሳልፍም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰነዶቹን በሙሉ የሚያነብ ሰው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

የመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ ሠራተኛ "ሪስታርት" ይባል ነበር። ለማንኛውም ሕመም አንድ መድኃኒት ብቻ ያውቃል፤ አጥፍቶ ማብራት። እሱ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ሲሄድ ማስታወቂያ ወጣ፤ "የውስጥ ሠራተኞች መወዳደር ይችላሉ፤ ፈተናው ከሁለት ወር በኋላ በተግባር ይሰጣል።" አክስቴ በስልሳ ቅጂ አባዛችው። ስልሳ ጊዜ ዓይኗ ሥር አለፈ። ስልሳ አንደኛውን ለራሷ አነሳች።

ቤት ገብታ ስትነግረን አያቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

"ኔትወርክ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው፣ እማዬ።"

"ምን የሚያወሩት አላቸው?"

አክስቴ ቤተ ሙከራ ያስፈልገኛል አለች። በምታነበው መጽሐፍ ሥዕል ላይ ቤተ ሙከራ ማለት የብረት መደርደሪያ፣ ማቀዝቀዣና ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። የኛ ቤት ሁለት ክፍል ናት። ስለዚህ የጫማ መደርደሪያው ተወረሰ፤ ጫማዎቻችን አልጋ ሥር ተሰደዱ። ከተዘጋ የኢንተርኔት ቤት የወጣ፣ አንዱን ኔትወርክ ከሌላው የሚያገናኝ ራውተር ላይኛው ደርብ ላይ ተቀመጠ፤ ከሥሩ ሁለት አሮጌ ስዊቾች። ስዊች ማለት ቀዳዳ የበዛበት ጠፍጣፋ ሣጥን ነው፤ ከየኮምፒውተሩ የሚመጣው ኬብል እዚያ ይሰካል፣ እሱም ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያደርሳል። ታች ደግሞ ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕ ጡብ ተደግፎ ቆመ። ኬብሉን ሕንፃ ከሚሠሩ ሰዎች ትራፊ ለምና አመጣችው። ያላገኘችውን በነፃ ከሚገኝ የመለማመጃ ፕሮግራም ውስጥ ሠራችው፤ በዚያ ጡብ በተደገፈ ላፕቶፕ ውስጥ የማይጨበጡ ስድስት ራውተሮች ነበሩን። አያቴ ለሚጠይቃት ሁሉ "ሌላ ስድስት አሉን፣ ግን አይታዩም" ትል ነበር።

አንደኛው ስዊች ለትልቅ አዳራሽ የተሠራ ነው፤ ማራገቢያው ሲነሳ ግድግዳው ይርዳል። ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብሎ "ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?" ብሎ ጠየቀን።

ከሦስት ሳምንት ልፋት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ላፕቶፑ አጠገቡ ላለው አሮጌ ኮምፒውተር "ሰላም" የሚል መልእክት ላከ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ክንድ ነው። አክስቴ አለቀሰች።

"ሰላም ለማለት ሦስት ሳምንት?" አለች አያቴ።

"እማዬ፣ አትሳቂብኝ።"

"አልሳቅሁም። እንኳን ታረቁ ነው ያልሁት።"

አያቴ የተንጠለጠለ ነገር አትወድም። ከመጋረጃ ያመለጠ ክር፣ ያልተቆለፈ አዝራር፣ ከኪስ የወጣ መሐረብ ስታይ እጇ አርፎ አይቀመጥም። በማግሥቱ ቤት ስትጠርግ አንድ ጫፉ ስዊቹ ላይ የተሰካ፣ ሌላው ጫፉ መሬት የሚጎተት ኬብል አየች። ስዊቹ ላይ ባዶ ቀዳዳ ነበረ። ሰካችው። ወዲያው የስዊቹ መብራቶች ሁሉ ባንድ ላይ እንደ እብድ ይርገበገቡ ጀመር፤ ሰላምታውም ቀረ።

አክስቴ አራት ቀን ሙሉ ፈለገች። መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አነበበችው። በአምስተኛው ቀን ኬብሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች ደረሰችበት፤ የአንዱ ኬብል ሁለቱም ጫፍ አንድ ሣጥን ውስጥ ገብቷል።

"ማነው ይህን የሰካው?"

"እኔ ነኝ። ተንጠልጥሎ ሳየው አሳዘነኝ።"

አክስቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። ነገሩ የገባት በገዛ ሙያዋ ነበር። "ኮፒ ማሽን ያወጣውን ቅጂ ራሱ እየጎረሰ መልሶ መላልሶ ቢያባዛ ማለት ነው" አለችኝ። "ማብቂያ የለውም። የሌላ ሰው ወረቀት ተራ አይደርሰውም።" አያቴ በበኩሏ ከአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ትንሽ ኪስ ሰፍታ መደርደሪያው ጎን ሰቀለች። ትርፉ የኬብል ጫፍ እዚያ ገብቶ ተኛ፤ አልተሰካም፣ አልተንጠለጠለም።

የፈተናው ሳምንት ሊገባ ሲል፣ አርብ ዕለት፣ መሥሪያ ቤቱ የጽዳት ዘመቻ አወጀ። ኃላፊው ራሳቸው ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ከክፍል ክፍል ዞሩ፣ የተወለወለ ጠረጴዛ ደግመው ወለወሉ፣ በየደረሱበት ፎቶ ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ጸጥ አለ።

ሰኞ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ "ኔትወርኩ ስለማይሠራ የኔትወርክ ሠራተኛ ፈተና ኔትወርኩ እስኪሠራ ድረስ ተራዝሟል።" አክስቴ እሱንም አባዛችው። ኔትወርኩን ልየው ብትል "አንቺ ኮፒ ነሽ" ብለው መለሷት። ማክሰኞ ከውጭ አማካሪ መጣ። ሽቶው ከቦርሳው ቀድሞ ገባ። የመሣሪያ ክፍሉን በር ላይ ቆሞ ተመለከተና፣ ሁሉም ነገር አርጅቷል፣ በአዲስ ይቀየር፣ ጥገናውንም የኔ ድርጅት ይያዘው፣ ያን ጊዜ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልጋችሁም አለ። ውሉ ረቡዕ ሊፈረም ተቀጠረ።

አክስቴ ያን ዕለት ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። መደርደሪያው ፊት ቁጭ ብላ መብራቶቹን ታያለች።

"ምን ሆንሽ ልጄ?" አለች አያቴ።

"ቦታው ሊቀር ነው። ነገ ከፈረሙ ሌላ አይኖርም። እኔም እንደ ኮፒነቴ አረጃለሁ።"

አያቴ ወንበሯን ጎተት አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

ረቡዕ ጠዋት የኃላፊው ጸሐፊ የዘመቻውን ፎቶ ለአክስቴ አምጥታ "ለሰሌዳ ነው፣ በትልቁ አንሺልኝ" አለቻት። ኃላፊው የመሣሪያ ክፍሉ ካቢኔ ፊት አጎንብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው መልሰው ፈገግ ብለዋል። በእጃቸው ሰማያዊ ኬብል ባዶ ቀዳዳ ውስጥ እየሰኩ ነው። ከሥሩ "ኃላፊያችን በምሳሌነት ሲመሩ" ይላል። አክስቴ አሳድጋ አነሳችው። ከዚያ ደግማ አሳደገችው። የሰማያዊው ኬብል ሌላኛው ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ፣ ከአራት ቀዳዳ ወዲህ ተሰክቷል።

የሚፈረመውን ሰነድ ቅጂዎች ይዛ ስብሰባ ስትገባ ፎቶውም ከሥራቸው ነበረ።

"አንድ ደቂቃ ይፍቀዱልኝ" አለች።

"ምነው፣ ገጽ ዘለልሽ?" አሉ ኃላፊው።

"አልዘለልሁም። ኔትወርኩን ላስነሳው ነው።"

አማካሪው ሳቀ። "በኮፒ ማሽን?"

ኃላፊውም ሳቁ፤ ሳቃቸው እንዳይቋረጥ ብለው ይመስለኛል የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ የሰጧት። ሄደች፣ አንዱን ጫፍ ነቀለች። ገና ሳትመለስ በኮሪደሩ ሁሉ ስልክ ይንጫጫ ጀመር፤ የአምስት ቀን መልእክት ባንዴ ገባ።

ምን እንደነበረ ካስረዳቻቸው በኋላ ኃላፊው ጠረጴዛውን መቱ። "ማነው የሰካው? ስሙ በቃለ ጉባኤ ይያዝ! ይጠየቅበታል!"

"የጽዳት ሠራተኛዋ ትሆናለች" አለ አማካሪው። "ከእሷ ሌላ ማን ይገባል?"

"እሷ አይደለችም" አለች አክስቴ። ድምጿ እንደ ቀጭን ክር ነበር። "የሰካው ጽዳት የሚወድ ሰው ነው። ለክፋት ብሎ አይደለም። እኛም ቤት እናቴ እንዲሁ አድርጋብኛለች።" ፎቶውንም ኃላፊው ፊት አስቀመጠችው።

ኃላፊው ጎንበስ ብለው አዩት። የገዛ ፈገግታቸው ከወረቀቱ ላይ ሽቅብ ያያቸዋል። ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ ትጠብቃለች። ቀስ ብለው ፎቶውን ገለበጡት።

"ስለዚህ የሰካችው እናትሽ ናት" አሉ።

"እኔ ያልሁት ቤታችን..."

"እናት ናት፣ ገብቶኛል። እናት አትከሰስም። ጻፊ" አሉ ጸሐፊዋን። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረው "አንቺም ፈተናውን አልፈሻል" አሉ።

አክስቴ ያልተፈረመውን ውል ቅጂዎች ሰብስባ ወጣች።

አርብ ደብዳቤዋ ደረሳት፤ የኔትወርክ ሠራተኛ ሆናለች፣ የፎቶ ኮፒውን ሥራም ደርባ ትሠራለች። በዚያው ቀን ሌላ ወረቀት እንድታባዛ ተሰጣት፤ "የሠራተኞች እናቶች ወደ መሣሪያ ክፍል እንዳይገቡ በጥብቅ እናሳስባለን።" ስልሳ ቅጂ።

ስልሳ አንደኛውን ቤት አምጥታ አንገቷን ደፍታ አነበበችልን።

"እኔ?" አለች አያቴ። "የዚያን ቢሮ ደጅ እንኳ ረግጬ አላውቅም!"

"አውቃለሁ እማዬ። ሰኞ ገብቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።"

"ቆይ እስቲ። ሥራውን ሰጡሽ?"

"ሰጡኝ።"

"ያቺ የጽዳት ሠራተኛስ?"

"አልነኳትም።"

አያቴ ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ እንደምትችል ሰው ላይ ታች አየችው።

"እንግዲያው ሰክቼዋለሁ" አለች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ፣ ከአሮጌው ቀሚስ የተረፈውን ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘረጋች። "ካቢኔያችሁ ስንት ኪስ ይበቃዋል? የሰውየው እጅ እንደሆነ አርፎ የሚቀመጥ አይመስለኝም።"