የአምሳሉ ክምርና የእትዬ አሰገደች ላም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ አምሳሉን ያውቀዋል። አናጢ ነው፤ ወሬ ይወዳል፤ አንድ ነገር ከያዘ ደግሞ እንደ መዥገር ነው። ዘንድሮ የያዘው የብስባሽ ማዳበሪያ መሥራት ነበር። የድንች ልጣጩን፣ የጎመን ግንዱን፣ ትራፊ እንጀራውን ጓሮ ወስዶ ይከምራል። ክምሩ ግን ደርቆ አልበሰብስ አለው። አንድ ቀን ሚስቱ ሥራነሽ የጠላ ጋን ያጠበችበትን ውሃ ቢያፈስበት፣ ብዙም ሳይቆይ እንደ ድስት ይተነፍስ ጀመር! እጅ ቢሰዱበት ያቃጥላል።

እዚህ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት? እጣቢው ይህን ከሠራ አተላውማ ምን ሊሠራ ነው አለ።

አተላው ግን ባለቤት ነበረው። ሥራነሽ ጠላ በጠመቀች ቁጥር አተላው በአጥር ለሚዋሰኗቸው ለእትዬ አሰገደች ላም ለቦራ ነው፤ እትዬም ለእነአምሳሉ ሕፃን ወተት ይልካሉ። ማንም አልተፈራረመበትም፤ የጉርብትና ወግ ነው። አምሳሉ ባልዲውን "እኔ ላድርስ" ብሎ ከሚስቱ ይቀበልና፣ በጓሮ ዞሮ ክምሩ ላይ ይገለብጠዋል።

እትዬ አተላው ለምን እንደቀረ ሲጠይቁት "እየሻገተ አስቸገረን፤ ላሟን እንዳያማት እየደፋነው ነው" አላቸው።

"ለከብቴ አስበህ! ዕድሜ ይስጥህ ልጄ።"

ወተቱንም መላክ አልተዉም፤ "ቦራ ቀነሰችብኝ፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትዘኑብኝ" እያሉ። አምሳሉ ልጁ ያን ወተት ሲጠጣ ማየት አቃተው። ፊቱን ያዞራል።

ታዲያ የግብርና ባለሙያዋ ትሕትና የሰፈሩን ሰው ሰብስባ ክምሩን ልታሳይ መጣች። አምሳሉ ደረቱን ነፍቶ "ሌላ ምንም የለው፣ የጋን እጣቢ ብቻ ነው" ሲል፣ ቦራ በተከፈተው በር ገብታ፣ ሰዉን በትከሻዋ ገፍታ፣ አፍንጫዋን ክምሩ ውስጥ ቀበረች። ስታወጣው እስከ ዓይኗ አተላ!

"አይ እጣቢ!" አለ ጎረቤቱ አበረ። "ይኼስ ይታኘካል!"

ሰዉ በሳቅ አለቀ። እትዬ ግን አልሳቁም። ነጠላቸው ወድቆ፣ ሮጠው ቀንዷን ያዙ። "ውጪ ቦራ! የሻገተ ነው፣ ትሞችብኛለሽ! አንተ አምሳሉ፣ ምን ይገትርሃል፣ አግዘኝ እንጂ!"

ቢያግዛቸው ነገሩ እዚያው ተሸፍኖ ይቀር ነበር። እጁንም ዘርግቶ ነበር። ግን አልሆነለትም።

"ይተዉአት እትዬ" አለ። "አልሻገተም። አንድም ቀን ሻግቶ አያውቅም።"

ሳቁ ቆመ። እትዬ ቀንዷን ለቀቁ፤ ነጠላቸውን አንስተው አራገፉ። ሥራነሽ ባሏን አየችው። ምነው ባላየችው!

ሥራነሽ እንደገና የጠመቀች ጊዜ አምሳሉ ባልዲውን ተሸክሞ፣ በጓሮ ሳይሆን በዋናው መንገድ፣ ሰው እያየው እትዬ ደጅ ቆመ። እትዬ ተቀብለውት ወደ ጋጣ ገቡ። ቆዩ። ባልዲውን ሲመልሱለት ይከብዳል፤ ያጠቡበትን ውሃ አልደፉትም።

"ለክምርህ" አሉት። "እንዳይደርቅብህ።"

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ እጣቢው ሱሪው ላይ እየፈሰሰ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።