ሐኪሙ ሳያየኝ ልጽዳ ብዬ ኮሶ የበጠበጥኩ ዕለት

የጌታ ቤተሰቦች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ ቆሞ መናገርም አላውቅበትም። ግን ያደረገልኝን ይዤ ዝም ብል ሆዴ መልሶ ያመኛልና ስሙኝ!

አቦቦ፣ ከወሎ መጥተን በሰፈርንበት መንደር በቆሎ እያረምኩ ነበር። ሆዴን ቆረጠኝ። ቁርጠቱስ የቆየ ነው፤ ተልባ ጠጥቼ አሳልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ጎንበስ ስል አስመለሰኝ። ባየው ደም! የረጋ፣ የጠቆረ ደም! ልጄ አልማዝ «እማ! እማ!» እያለች ጮኸች። እኔ በውስጤ ጮኽኩ። አባቷ ሞቷል፤ እኔም ከሞትኩ ይቺን ልጅ በሰው አገር ማን ያሳድግልኛል?

ጎረቤት ደግፎ ክሊኒክ ወሰደኝ። ጤና ረዳቱ ዓይኔን ገልጦ አየና፣

«እናቴ፣ ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው» አለ። «ነገ ጋምቤላ ሆስፒታል የሆድ ስፔሻሊስት አለ። ክልል ከሆንን ወዲህ እንዲህ ያለ ሐኪም ሲመጣ አላየሁም፤ እንዳያመልጥሽ። እህል ሳትቀምሺ ሂጂ።»

እህል ሳይቀመስ! እኛ ወሎዬዎች በባዶ ሆድ የምናውቀው መድኃኒት ምንድን ነው? ኮሶ! ደግሞስ ትልቅ ሐኪም ሆዴን ሊያይ መጥቶ፣ ቤት ሳይጠረግ እንግዳ ይገባል? ከአገር የተላከ ኮሶ ነበረኝ። ሲነጋጋ በጠበጥኩና ኩባያ ሞላሁ። ወገኖቼ፣ ሞቴን በገዛ እጄ በጠበጥኩት!

ያኔ ልትሸኘኝ ጎረቤቴ አሪያት ገባች። አዎ፣ ይቺው እዚህ የተቀመጠችው አሪያታችን! አኙዋ ናት፤ አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል፣ ልቧ ግን ሰው አይሳሳትም። ከዚያ በፊት «ጸሎት ቤት እንሂድ» ባለችኝ ቁጥር፣ «ቆይ፣ ጠላውን ልተው፣ ሐሜቱን ልተው፣ መጀመሪያ ልጽዳና እመጣለሁ» እላት ነበር። ኩባያውን አየች።

«የአልማዝ እናት፣ ምን ትጠጣለህ?»

«ኮሶ ነው። ሐኪሙ ሲያየኝ ንጹሕ ልሁን ብዬ።»

«ንጹሕ ከሆንክ ሐኪም ምን ይሠራል?»

«ያሳፍራላ፣ አሪያት!»

«ደም ተፍተህ ታፍራለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ወዲያው ሳቋን ተወችው። «ለጌታ ልጽዳ ትላለህ። ለሐኪም ልጽዳ ትላለህ። መቼ ትጨርሳለህ? አሁን እንዳለህ ተነሣ!»

ኩባያውን ነጥቃ ደጅ ደፋችው። የአገሬን ኮሶ! ልቆጣ አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። እዚያው ኮሶው ያረጠበው አፈር አጠገብ ተንበረከክኩ። «ጌታ ሆይ፣ ሳልጸዳ መጣሁ፣ ተቀበለኝ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። ተቀበለኝ! ሃሌሉያ! ሆዴ ገና ሳይድን እኔ ዳንኩ!

አሪያት በተሳፈርንበት አይሱዙ መኪና ላይ ጭንቅላቴን ታፋዋ ላይ አድርጋ እስከ ጋምቤላ በአኙዋ ዘመረችልኝ። ቃሉን አልሰማሁትም፤ ፍርሃቴ ግን የሰማው ይመስለኛል፣ እየራቀኝ ሄደ።

ሐኪሙ እንደ ኖራ የነጣ ነገር አጠጥቶ ራጅ አነሣኝ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ አየው።

«የጨጓራ ቁስል ነው፤ ደምቷል። የአገር መድኃኒት ጠጥተሻል?»

«ኮሶ ልጠጣ ነበር፣ ዶክተር። ይቺ ደፋችብኝ።»

ፎቶውን አስቀመጠ። «በዚህ ቁስል ላይ ኮሶ ጠጥተሽ ቢሆን፣ ጨጓራሽ ሊበሳ ይችል ነበር። እዚህም ላትደርሺ ትችያለሽ።»

ዞር ብዬ አሪያትን አየኋት። «ሰማህ?» አለችኝ። ክብር ለጌታ! ሐኪም ያዘጋጀ፣ ጎረቤት የላከ፣ ኩባያ ያስደፋ ጌታ ስሙ ይባረክ!

አልጋ ይዤ ደም ተሰጠኝ፤ መድኃኒቱንም ሳላጓድል ዋጥኩ። አልማዝ ልትጠይቀኝ ስትመጣ «እማ፣ ከንፈርሽ ቀላ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ዛሬ በር ላይ ቆማችሁ «ልጽዳና እገባለሁ» የምትሉ፣ እባካችሁ፣ እኔን እዩ። ቁስላችሁን ሸፍናችሁ አትምጡ፤ እሱ ቁስል አይጸየፍም። ግቡ፣ እመኑት!

እኔ ይኸው፣ ጠዋት ከልጄ ጋር ገንፎ በልቼ በእግሬ መጥቻለሁ። ደም የለም፤ ፍርሃትም የለም። ድኛለሁ።