ዑምኩልሱምና የጓሮዋ ዳገት

ዑምኩልሱም ከምትፈራቸው ነገሮች መካከል ዳገት አልነበረም። አምባሰል ተወልዶ ዳገት የሚፈራ ማን አለ? ጅብ ትፈራለች፣ መብረቅ ትፈራለች፣ የሰፈር ሐሜት ደግሞ ከሁለቱም አብልጣ ትፈራለች። ዳገት መፍራት የጀመረችው ሐይቅ ከተማ ዳር፣ አዲሱ የማኅበር ቤት ሰፈር ከገባች ወዲህ ነው።

ሰፈሩ ቀድሞ የማሽላ ማሳ ነበር። ዶዘር መጣና እርከኑን ጠራርጎ፣ ዳገቱን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርሶ፣ ከሥሩ ያለውን ቦታ ሜዳ አድርጎት ሄደ። የተቆረሰው ዳገት ደጋፊ ግንብ ሳይሠራለት ቀጥ ብሎ ቀረ። ጀርባውን ለዚያ ቁርጥ የሰጠው የመጨረሻው ቤት የዑምኩልሱም ነው። ዕጣው ሲወጣላቸው ባሏ ሙአዊያ፣ "ጥግ ቦታ ሰላም ነው" ብሎ ደስታውን አልቻለውም ነበር።

ሙአዊያ በግንቦት ታሞ ሞተ። እሷም ዒዳ ተቀመጠች። ባል የሞተባት ሴት ወራቱ እስኪሞላ ከቤቷ አትወጣምና፣ ሌላው ሰው ገበያ ሲውል እሷ ከግድግዳው ጋር ዋለች። ቀድማ የሰማችውም ለዚህ ነው። ሐምሌ ሲገባ ከጓዳው ጀርባ ጠጠር ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ቀጭ፣ ከዚያ ዝም። ቀጭ፣ ከዚያ ዝም። ትንፋሿን ይዛ ቀጣዩን ትጠብቃለች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የጓዳው በር አልዘጋ አላት። መቃኑ ተጣሟል፤ ወለሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቷል።

ከፊቷ ያለው ቤት የአሻግሬ ነው። ጠርታ ብትነግረው ሳቀባት።

"አይጥ ነው፣ ዑሜ።"

"አይጥ ድንጋይ ይወረውራል እንዴ?"

"የዘንድሮ አይጥ ምን ይታወቃል።"

እየሳቀ ወደ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ ሳቁ የለም። ከቁርጡ አናት ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ወደ ቤቱ አዘንብሎ፣ ከሥሩ መሬቱ አፉን ከፍቷል።

"ውጪ" አላት። "አሁኑኑ።"

"ዒዳዬስ?"

"ዒዳሽን ከነቤቱ ጭቃ ሲውጠው ልታዪ ነው?"

"ሰው ምን ይለኛል፣ አሻግሬ? የባሏ አፈር ሳይደርቅ ወጣች ይለኛል።" የፈራችው ዳገቱን ይሁን የሰውን አፍ፣ ራሷም አልለየችውም።

አሻግሬ በዝናብ ሮጦ ሼህ ሙሐዲንን አመጣ። ሼሁ ጥላቸውን ይዘው ደጅ እንደቆሙ፣ "አብሽሪ ልጄ፤ ቤቱ ሲያስፈራ መውጣት ይፈቀዳል። ዒዳሽን በገባሽበት ቤት ትጨርሺዋለሽ" አሏት።

ታዲያ የት ትግባ? እህቷ ያለችው ውጫሌ ነው፤ አስፋልት ወጥቶ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ በሰው ፊት። ተመካከሩና፣ ዒዳ ላይ ላለች ሴት ብዙ ሳትታይ የቅርቡ ይሻላል ተባለ። የአሻግሬ ሚስት የሺሀረግ፣ "እኛ ቤት ትግባ። አንተ ወንድምህ ዘንድ እደር" አለችው።

"ከገዛ ቤቴ ተባረርሁ?"

"በማንኮራፋትህ ሶላቷን ታበላሽባታለህ።"

ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክሉት የቅሬው ሴቶች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ተጠራርተው መጡ። ሸራ ከራሳቸው በላይ ወጥረው ከበቧት። ፊቷን ሸፍና በመሀላቸው ከግቢ ወደ ግቢ ተሻገረች። ማንም አላያት። የሺሀረግ ፍራሽ ላይ ስትቀመጥ እፎይ አለች።

ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ስትሰናዳ ዳገቱ መጣ። እንደ ነጎድጓድ አልጮኸም፤ ብዙ ሰው ባንዴ የተነፈሰ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቆርቆሮው ጮኸ። የሺሀረግ ወጥታ አይታ ተመለሰች።

"ጓዳሽም ሳሎንሽም ሄደ።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሴን አተረፈልኝ" አለች ዑምኩልሱም። ዝናቡ ግን አላባራም። ጥቂት አዳምጣ ቀና አለችና ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ አየች።

"የሺዬ፣ ከዚህ ግድግዳ ኋላ ምን አለ?"

"ያንቺ ቤት ነበረ።"

ተያዩ። የሺሀረግ ፍራሹን ለመጠቅለል ጎንበስ ስትል ዑምኩልሱም ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ሸራም ሴቶችም እስኪመጡ አልጠበቀችም። በባዶ እግሯ፣ ፊቷን እንኳ ሳትሸፍን፣ የሺሀረግን እየጎተተች ወደ አስፋልቱ ሮጠች፤ ሰው ሁሉ ወደሚያይበት።