ሞተሩ ጠፍቶስ ይገባል?

ለአቶ በየነ ወዳጆች፣ ደንበኞችና ተማሪዎች ሁሉ።

ከካርቱም በወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ፣ የጋራዦቹ ሰፈር ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪና ሲጠግኑ የኖሩት አቶ በየነ ባለፈው ሰኞ ጠዋት አርፈዋል። ለብዙ ዓመት ሲታገሉት የቆዩት የስኳር ሕመም በመጨረሻ አሸነፋቸው። በቀብራቸው ዕለት እኔ አልነበርኩም። የደረስኩት በሠልስታቸው ነው፤ ያውም መሞታቸውን ሳላውቅ። ድልድዩን ተሻግሬ፣ መኪናዋን ከጋራዣቸው በር ላይ አቁሜ፣ እንደ ድሮው ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረግሁ። ብቅ ያሉት እሳቸው አልነበሩም። ጎረቤታቸው ዑስማን፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ወጣ። መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አንቺ ነሽ? ወላሂ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ከዚያ መርዶውን ነገረኝ።

ይህን የምጽፈው ሐዘኔ ስለቀለለልኝ አይደለም። አቶ በየነ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ፣ መልሴን ሳይሰሙ ስለሞቱ ነው።

ሰዓዳ እባላለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ። ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባለው ሰፈር፣ ሐጃ ስዕዲያ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ሐጃ ልጆቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩ፣ እግራቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። ሹፌራቸው ሥራ የለቀቀ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ያላ ሰዓዳ፣ ይህን ሁሉ ቤት የቻልሽ አንዲት መኪና አታቅትሽም» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። በሦስተኛው ወር ሩኽሳዬን፣ መንጃ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ ይዤ መሪ ጨበጥሁ።

ብዙም ሳይቆይ ማርሹ አልገባ አለኝ። አንደኛ ላስገባ ስል ይንገጫገጫል፤ ወደ ኋላ ላስገባ ስል ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ይጮኻል። አንድ የሰፈር መካኒክ «ካምቢዮው ወርዶ ይከፈት» ብሎ ፈረደ፤ የማርሹን ሳጥን ማለቱ ነው። ሐጃ ምንም አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ምግብ አልወርድ አለኝ። ሰው ቤት የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች፤ ብርጭቆ እንኳ ሲሰበር መጀመሪያ የሚታየው የእኛ ፊት ነው። «ባሕሪ አንድ የአገራችን ሰው አለ» ሲሉኝ ድልድዩን እየተንገጫገጭሁ ተሻገርሁ።

አቶ በየነ ያኔ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ በዚያ ሙቀት የቱታቸውን የአንገት ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። አገር ቤት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በወጣትነታቸው በፖለቲካ ምክንያት ሸሽተው ወጥተዋል፤ ስለዚያ ሲጠየቁ «ረጅም ነው» ብለው ወደ መፍቻቸው ይመለሳሉ። ሱዳኖቹ መካኒኩን ሁሉ «ኡስታ» ሲሉ እሳቸውን ግን «ኡስታዝ»፣ መምህር፣ ይሏቸው ነበር።

«እንደምን ዋሉ እመቤቴ፤ ምን ሆነችብዎ?» አሉኝ።

ለማን እንደሚናገሩ ግራ ገብቶኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ እርስዎ ብሎ ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

ችግሩን ነገርኋቸው። የማርሹን ዱላ በእጃቸው እንኳ አልነኩትም። «ሞተሩ ሲነሳ አልገባም ይላል። ሞተሩ ጠፍቶስ ይገባል?» ብለው ጠየቁ። ሞክሬው አላውቅም ነበር። አጠፋሁት፤ ሁሉም ማርሽ ያለ ድምፅ ገባ።

«እንግዲህ ካምቢዮው ጤነኛ ነው» አሉ። «ጠፍቶም እምቢ ቢል ኖሮ ካምቢዮውን ወይም ዱላውን እንጠረጥር ነበር። ተነስቶ ብቻ እምቢ ካለ፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን በደንብ አልለቀቀም ማለት ነው። እስኪ ይርገጡት።»

ረገጥሁ። ጎንበስ ብለው እግሬን ሲያዩ አፈርሁ። ከፔዳሎቹ ሥር ከሐጃ አሮጌ ምንጣፍ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ድርብ አድርጌ አንጥፌ ነበር። የካርቱምን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የያዝኋት መኪና ቆሸሸች እንዲባል አልፈለግሁም። ፔዳሉ ምንጣፉ ላይ ያርፍና እስከ ታች ሳይወርድ ይቀራል፤ ፍሪሲዮኑ በግማሽ ይለቃል፤ ማርሹም ይንገጫገጫል። በሽታው ይኸው ነበር።

የጋራዡ ሠራተኞች ሊስቁ ሲሉ አቶ በየነ ቀና ብለው አዩአቸው። ምንጣፉን አወጡ፣ ውጭ ወስደው አራገፉ፣ አጥፈው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ያስቸገረዎ ንጽሕናዎ ነው፤ ይህ ጥፋት አይባልም» አሉኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስሁ።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ፣ የዕረፍት ቀኔ ስለነበር፣ ጋራዣቸው እየሄድሁ መማር ጀመርሁ። ሴት እዚያ ምን ትሠራለች ያለ ነበር፤ አቶ በየነ «ትጠይቃለች» ብለው አሳለፉት። ያስተማሩኝም ይህንኑ መጠየቅ ነው። «የሚጮኸው ሁልጊዜ ጥፋተኛው አይደለም፤ እጅዎ ከመድረሱ በፊት ጥያቄዎ ይድረስ» ይሉ ነበር። ዱላውን ስታገለው ሲያዩኝ ደግሞ «ማርሽ ሊጥ አይደለም፣ ሰዓዳ። ሹወያ ሹወያ፣ ቀስ በቀስ። የሞተሩን ድምፅ ይስሙት፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይገባል» ይሉኛል። ያለ ፍሪሲዮን መንዳትንም አስተማሩኝ፤ እኔ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ጉድለት አልነበራቸውም ብዬ አልዋሽም። ለቸኮለ ደንበኛ ስለ ግጭትና ስለ ኃይል ግማሽ ሰዓት የሚያስረዱ ሰው ነበሩ፤ ሰውየው ተሰላችቶ ቢሄድ እንኳ ማስረዳታቸውን ለእኔ ይጨርሱታል።

በአንድ ክረምት ማዮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ተበላሽታ የቆመች ሚኒባስ ለማየት ሲሄዱ አድርሻቸው ነበር። ሹፌሩን ያንኑ ጥያቄ ጠየቁት። «ጠፍቶም አይገባም» አለ። ጭቃው ውስጥ ተኝተው ከሥር ገቡ። ዱላውን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ አልቆ ኖሯል። በዚያ ሰፈር መለዋወጫ ከየት ይምጣ! የራሳቸውን ሸበጥ አውልቀው ከተረከዙ ቆርጠው በልኩ ሞርደው ገጠሙት። «እስከ ነገ ያደርስሃል፤ ነገ ደህናውን ግዛ» አሉት። ሚኒባሷ ተሳፋሪዎቿን ጭና ሄደች፤ እሳቸውም በአንድ እግራቸው እያነከሱ፣ ስለ ላስቲክ እያስረዱኝ ወደ መኪናዬ ተመለሱ።

ጦርነቱ ሲመጣ ድልድዮቹ ተዘጉ። እሳቸው ባሕሪ፣ እኛ አል-ጣኢፍ ቀረን። ሐጃ ቤቴን ጥዬ አልወጣም ብለው ብዙ ቆየን። የጎረቤታችን ቤት በተመታ ማግስት ጠዋት፣ ተኩሱ ጋብ ሲል፣ ሐጃን ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ሞተሩ ተነሳ። ማርሹ አልገባም።

አቶ በየነ ዘንድ ደወልሁ፤ በስድስተኛው ሙከራ ስልኩን አነሱት።

«ጋሽ በየነ፣ ማርሹ እምቢ አለ!»

«ሰዓዳ፣ ስሚኝ። ምንጣፍ አለ?»

«የለም።»

«ፔዳሉ ይመለሳል ወይስ ታች ይቀራል?»

«ታች ይቀራል።»

«ኮፈኑን ክፈቺ። ከፍሬን ዘይቱ ዕቃ አጠገብ ትንሿን ዕቃ እያት። ዘይት አላት?»

ደረቅ ነበረች። «የወጥ ዘይት ልጨምርባት?» አልኋቸው። በዚያ ሰዓት እንኳ ሳቃቸው ተሰማኝ።

«ተይ፣ የውስጥ ላስቲኮቹን ያበላሻል። ፍሬኑስ ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ያለ ፍሪሲዮን ትሄጃለሽ። ሞተሩን አጥፍተሽ አንደኛን ታስገቢያለሽ፤ ቁልፉን ስታዞሪ ዘላ ትነሳለች፣ አትደንግጪ። ኬላ ላይ ሞተሩን አጥፊ፤ ወታደሮቹም እሱን ይወዳሉ። ሲያሳልፉሽ እንደገና እንደዚያው። አሁን ሞክሪው። ጠፍቶ ከገባ ትወጣላችሁ። ካልገባ ችግሩ ሌላም አለ፤ ሐጃን ይዘሽ ወደ ቤት ግቢ። በይ አጥፊው። አንደኛ። ይገባል?»

መስመሩ ተቋረጠ።

ኬላዎቹን ሰባት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። በእያንዳንዱ አጠፋሁ፣ በእያንዳንዱ እየዘለልን ተነሳን። ሐጃ «ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ» እያሉ አላህን እየተማጸኑ በሩን ጨብጠዋል። አንድ ወታደር ለምን እንደምትዘል ቢጠይቅ «እንደ እኔ አርጅታ ነው» አሉት፤ ስቆ አሳለፈን። ከከተማው ርቀን ትንፋሽ ስናገኝ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። አቶ በየነ በስልኩ አንቺ ብለውኛል። ያን ሁሉ ዓመት እርስዎ ያሉኝ ሰው፣ ያን ቀን ልጃቸውን እንደሚያዝዝ አባት አዘዙኝ። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተው። ከእርስዎታው ይልቅ አንቺታው ልቤ ውስጥ ገባ።

ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ደረስን፤ እዚያው ተቀመጥን። ስልካቸውን ስንት ጊዜ እንደሞከርሁ አላህ ያውቃል። ባሕሪ ኔትዎርክ አልነበረም። ሲመለስም የእሳቸው ቁጥር አልመለሰም። ወደ ካርቱም ስንመለስ ሐጃ «ሂጂና ለኡስታዝ በሕይወት እንዳለሁ ንገሪልኝ» ብለው ነው የላኩኝ።

ዑስማን የቀረውን ነገረኝ። አቶ በየነ የሰው መኪና ጥዬ አልሄድም ብለው ከጋራዣቸው አልወጡም። ከወንዙ ማዶ ሰው በመጣ ቁጥር «አንዲት ሐበሻና አንዲት አሮጊት በነጭ መኪና ሲያልፉ ያየ አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ተቀመጡ ብላቸው ይሻል ነበር ወይ፣ ወደ እሳት ሰድጃቸው ይሆን ወይ እያሉ ይጨነቁ ነበር። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላም ለዑስማን ደጋግመው «ጠየቅኋት፤ መልሷን አልሰማሁም» ብለውታል። ሦስት ቀን ምን አላት ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። በሦስት ቀን ዘግይቻለሁ።

ጋሽ በየነ፣ ለእንግዳ ሰው እግር ጎንበስ ያሉ፣ ምንጣፌን አራግፈው በሁለት እጅዎ የሰጡኝ፣ አፈሩ ይቅለልዎ። አንቺ ብለውኛል፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው እርስዎ እልዎታለሁ። ሐጃ ደህና ናቸው። ሰላም ብለውዎታል። ወደ እሳት አልሰደዱንም። ዛሬ ከበርዎ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ብዙ ተቀመጥሁ። ከዚያ እጄን ዱላው ላይ አድርጌ፣ እንዳስተማሩኝ ሳልቸኩል፣ ወደ አንደኛ ገፋሁት።

ይገባል፣ አባቴ። ያን ቀንም ገብቶ ነበር።