ምስክር የሌለው ችሎታ አይጻፍም

የያዙኝ ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር፣ ከቤቴ በር ላይ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓቴን ያየሁት ከሥራ ልማድ ነው። ሁለቱ ሰዎች አልገፈተሩኝም፣ አልጮሁብኝም። ለምን እንደምፈለግ ስጠይቅ አንደኛው "እዚያ ይነገርሃል" አለኝ። እዚያም የነገረኝ የለም። ዛሬም አላውቅም።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ውስጡን በጣውላ ከፋፍለውታል። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀን ያግላል፣ ማታ ያንጠባጥባል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የማሽላ ፍሬ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ወደ አንዱ ክፍል ሲያስገቡኝ ሦስት ሰዎች መሬት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

"ወንዙ ሞልቷል" አለ ወጣቱ። "መርከበኛው ምን ያደርጋል?"

"ዋኝቶ ይሻገራላ!" አሉ ሽማግሌው።

"ዋና አልተጻፈልዎትም፣ አያ።"

"ምነው? እኔ የክረምት ሙላት እየተሻገርሁ ያደግሁ ሰው!"

"ማን አየዎት?" አለ ሦስተኛው።

"እናንተማ የት ነበራችሁ!"

ሽማግሌው ከመዳፋቸው አንድ ትንሽ ነገር ወረወሩ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ።

"ሰጠምሁ" አሉ ሽማግሌው፣ ከልባቸው አዝነው።

ያበዱ መሰለኝ። በሩ ከኋላዬ ተቆልፏል፤ ስለዚህ ተቀመጥሁ።

ስማቸውን አልጽፍም። ሽማግሌው ድብ ባሕር ከሚባል አገር የመጡ ገበሬ ናቸው። ሦስተኛው ከጎንደር ነባር የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ ጨርቅ ሻጭ ነው። ወጣቱ የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ጨዋታውን ያመጣው እሱ ነው።

ጨዋታው እኔ ከማውቃቸው ከዳማም ከካርታም አይገጥምም። መምህሩ አንድ ታሪክ ይጀምራል፤ ተጫዋቹ በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናል። ገበሬው ባሕር አይተው ስለማያውቁ መርከበኛ ልሁን ብለዋል፤ ነጋዴው ዘበኛ ሆኗል። ችግር ሲገጥም ዳይስ፣ በየገጹ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት ጠጠር፣ ይወረወራል፤ በወጣው ቁጥር ላይ ያ ሰው ያለው ችሎታ ይደመራል። ድምሩ ከበቃ ይሳካል፣ ካልበቃ ይሰጥማል። ዳይሱ ከዳቦ ልብ ተድቦልቡሎ የደረቀ ነው፤ ነጥቦቹን በመጥረጊያ ጭራሮ ወግተው አወጡለት። የእያንዳንዱ ሰው ችሎታ በብስኩት ካርቶን ጀርባ በመምህሩ እጅ ተጽፏል።

ግራ ያጋባኝ ዋናው ነገር የክፍሉ ሕግ ነበር። ሌላ ቦታ ተጫዋቹ የራሱን ችሎታ ራሱ ይመድባል። እዚያ ግን በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሁሉን ቻይ ሆነ፤ ቁልፍ የማይከፍት፣ ግንብ የማይዘል ጠፋ። ስለዚህ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ማንም ስለ ራሱ አያስጽፍም። ማስጻፍ የሚችለው ሌላ ሰው፣ ያውም እዚያው ክፍል ውስጥ በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው።

ለነጋዴው "ማግባባት፣ ሁለት" ተብሎ ተጽፎለታል። ምስክሩ ገበሬው ናቸው። "ብርድ ልብሴን እኩሌታውን ወስዶ፣ አመስግኜው ተኛሁ" ብለው መሰከሩ። ለገበሬው "መታገስ፣ ሦስት" ያስጻፈው ደግሞ ነጋዴው ነው። "ከዚህ መምህር ጋር በሰላም መኖራቸው ይበቃል" አለ።

እኔንም "እንግዳ" ብለው ጻፉኝ። ከፊት ለፊቱ ባዶ ነበር።

"ጋዜጠኛ ነኝ፤ መጠየቅ እችላለሁ" አልሁ በአራተኛው ቀን።

"አራት ቀን ሙሉ ጠየቅኸን" አለ ነጋዴው። "ጨዋታው ግን እስካሁን አልገባህም።"

እውነቱን ነው።

መምህሩ የታሰረው ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪ እየሰበሰበ ያደራጃል ተብሎ ነው። እሱ እንደሚለው ስብሰባው ይኸው ጨዋታ ነበር። አመንሁት ልል አልችልም፤ ዋሽቷል ማለትም አልችልም። ሁለተኛ ምንጭ አልነበረኝም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ አንዱ ጠባቂ ነገ በሚፈቱት ዝርዝር ውስጥ ስሜን እንዳየ ሹክ አለኝ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ፍተሻ መጣ። ካርቶኑን ከምንጣፉ ሥር አወጡት። ዳይሱን ግን አላገኙትም። በሩ ሲንኳኳ ገበሬው አፋቸው ውስጥ ከትተውት፣ ፍተሻው እስኪያልቅ ቀስ ብለው ያኝኩ ነበር።

መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። መርማሪው ደክሞታል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ካርቶኑን እንደ ደብዳቤ በሁለት እጁ ይዞ ያነብባል።

"መርከበኛ፣ መታገስ ሦስት። ዘበኛ፣ ማግባባት ሁለት። እንግዳ፣ ባዶ።" ቀና አለ። "ይኼ ምንድን ነው?"

"ጨዋታ ነው።"

"እዚህ ጎንደር መርከብ አለ?"

"በታሪኩ ውስጥ ነው።"

የክፍሉን ሕግ አስረዳሁት። ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። እንደ ዜና፣ ከዋናው ጀምሬ ነገርሁት። መርማሪው በማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጽፎ ሰረዘው።

"ዳይሱ የታል?"

"ተበላ።"

"ዳይስ ይበላል?"

"ከዳቦ የተሠራ ነው።"

ፊቴን መረመረ። እየቀለድሁበት እንደሆነ ሊለይ እየሞከረ ይመስለኛል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ጽሑፉ የማን ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ። ነገ ትወጣለህ።"

የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ያ ካርቶን ተማሪ ያደራጃል ከተባለ ሰው እጅ መውጣቱ ከታወቀ፣ ስለ ዳይስና ስለ መርከብ የሚሰማ እንደማይኖርም አውቅ ነበር። የማላውቀው አንድ ነገር ነው፤ የቅዳሜው ስብሰባ በእርግጥ ጨዋታ እንደነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ስሠራ ያላረጋገጥሁትን ጽፌ አላውቅም። ያመነኝንም ሰው አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም። በዚያ ወንበር ላይ ሁለቱ በአንድ ላይ መጡብኝ።

"ወረቀቱ ምን እንደሆነ ነገርሁዎት" አልሁት። "ማን እንደጻፈው አልነግርዎትም።"

"ስምህን ከዝርዝሩ እሰርዘዋለሁ።"

"እርስዎ ያውቃሉ።"

አስፈራራኝ ማለት አልችልም። እስክሪብቶውን አንሥቶ ከዝርዝሩ አንድ ስም ላይ አሰመረ፤ ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

ለጓደኞቼ አልነገርኋቸውም። ምን ጠየቁህ ሲሉኝ "ስለ ጨዋታው" አልሁ። ተቀምጠን ጠበቅን። እግር በሩን ባለፈ ቁጥር መምህሩ ጫማውን ያስተካክላል። ማንም አልጠራውም። ፀሐይ ከቆርቆሮው ቀዳዳ ወርዳ ግድግዳው ላይ ስትደርስ ገበሬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ለእንግዳው ጻፍለት፣ መምህር።"

"ምን ልጻፍ፣ አያ?"

"እኔ እንጃ ስሙን። ብቻ አንድ ጻፍለት።"

"በዓይንዎ አይተዋል?" አለ ነጋዴው። "ሕግ ነው።"

"አይቻለሁ እንጂ! ወረቀቱ ከእነሱ ዘንድ ነው። ይህ ሰው ከቢሯቸው ከተመለሰ ፀሐይ ዘቀዘቀች። መምህሩን የጠራው አለ? የለም። ሌላ ምን ልይ?"

"ነገ ሊጠሩት ይችላሉ፣ አያ" አልሁ። መታረም የሚገባው መስሎኝ ነው።

"ነገ ከጠሩት አሰርዘዋለሁ። ሸጋ ነው?"

ስሙ ላይ አልተስማሙም። ነጋዴው "ዝምታ" አለ። ገበሬው "ዝምታማ ድንጋይም አለው" ብለው እንቢ አሉ። መምህሩ ፊቱን ወደ ጣውላው አዞረ። በመጨረሻ በአዲስ ካርቶን ላይ "እንግዳ" ብሎ ከፊቱ ቁጥሩን ብቻ አኖረ። አንድ። የምን አንድ እንደሆነ አልተጻፈም።

በማግስቱ የሚፈቱት ስም ሲነበብ የእኔ የለም። መምህሩም አልተጠራም። ለቁርስ ከተሰጠኝ ዳቦ ልቡን አውጥቼ ለገበሬው ሰጠኋቸው፤ አዲስ ዳይስ አድቦልቡለው ፀሐይ ከምታርፍበት ላይ አኖሩት።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቁኝ። ቀበቶዬንና ስልኬን ፈርሜ ተረከብሁ። ካርቶኑ ግን አልተመለሰም። መምህሩ ከእኔ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል፤ በኋላ እንደተፈታ ሰምቻለሁ፣ ግን ከአንድ ሰው ብቻ ነው። ስብሰባው ጨዋታ ነበር ወይ ለሚለው ዛሬም መልስ የለኝም።

በቅርቡ ለአንድ ሥራ ቅጽ ስሞላ "ልዩ ችሎታ" የሚል ሣጥን ገጠመኝ። ሌላውን ሁሉ ሞልቼ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት።

"ጋሼ፣ ይቺን ዘለሏት" አለችኝ።

"አልዘለልኋትም። ምስክሮቼ እዚህ የሉም።"

ግራ ገብቷት አየችኝ። አልፈረድሁባትም።