መነኩሴው ይዘውት የመጡት ካርታ

ከካምፓላ ወጣ ብሎ ያለው የብርቱካን እርሻችን ድሮ የገዳም መሬት ነበር። እኔና ባለቤቴ የገዛነው መነኮሳቱ ለቀው ከሄዱ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሌላ ሰው ነው። ዘንድሮ ዝናብ ጠፍቶ ዛፎቹ ሲጠወልጉብን፣ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በቦዳ ሞተር ሳይክል ታክሲ መጡ። ከቦርሳቸው ያረጀ ካርታ ሲያወጡ ክው አልኩ።

«አባ፣ መሬቱን ሊያስመልሱ ነው?»

እሳቸው እርምጃቸውን እየቆጠሩ ዛፎቹ መሃል ገቡ። ባለቤቴ የሽያጭ ውሉን ታቅፎ ይከተላቸዋል፤ እኔ ከእሱ ኋላ ነኝ። አጥሩ ጥግ ሲደርሱ መሬቱን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት።

«እዚህ ጋ አስቆፍሪ ልጄ። ስንሄድ ሰው እንዳይወድቅበት ብለን የከደንነው የውሃ ጉድጓድ ነው።»

ቆፍረን የድንጋዩን ክዳን ስናነሳ ጠጠር ወረወርኩ። ከታች የውሃ ድምፅ መለሰልኝ።