ሽማግሌ የተላከበት ብስክሌት

ላኦስ ውስጥ፣ አንድ ረጅም ዳገት እየወጣሁ ሳለ የጭነት መኪና አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ በጣቱ መጀመሪያ ብስክሌቴን፣ ቀጥሎ የመኪናውን ኋላ አሳየኝ። ጫነውና እንሂድ ማለቱ ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ፈገግ ብዬ እምቢ አልኩት። የአገሩን ቋንቋ አንድ ቃል ሳላውቅ እንዲህ አሳምሬ እምቢ ማለትን ከየት እንደተማርኩ የሚጠይቀኝ ካለ፣ መልሴ አሜሪካ ውስጥ ካለችው ከግራንድ ፕሬሪ ከተማ ነው። እዚያ ብስክሌት ላይ የታየ ሐበሻ በሰላም አያልፍም።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ከታላቅ እህቴ ጋር ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ አንድ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን እጭናለሁ። ብስክሌቱን የሰጠኝ አብሮኝ የሚሠራ ጠና ያለ አሜሪካዊ ነው። በወጣትነቱ በዚያው ብስክሌት ከቱርክ እስከ ሕንድ ሄዷል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ወሬ የለውም። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ብስክሌቱን በግራና በቀኝ ከሚንጠለጠሉት ቦርሳዎች ጋር አምጥቶ ሰጠኝና፣ ከሕንድ ወዲያ ያለው የእስያ መንገድ ያንተ ድርሻ ነው አለኝ። ቀልዱን ነበር። እኔ ግን አመንኩት።

መኪና አጥቼ አልነበረም። መኪናዬ ከአፓርትመንቱ ፊት ቆማ አቧራ ትጠጣ ነበር። ብስክሌት ላይ ስወጣ ግን በሠላሳ ዓመቴ ልጅ እሆናለሁ። እስከ ባንኮክ በአውሮፕላን ሄጄ፣ ከዚያ ላኦስን አቋርጬ ቬትናም ልገባ አሰብኩ። አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ቲኬት ቆረጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርሳዎቹን በሩዝና በውሃ ሞልቼ፣ ብርድ ልብስና ድስት ከላይ አስሬ፣ ሸክሙን ለመልመድ ከከተማ ከተማ እዞር ጀመር።

ለእህቴ ስነግራት አልጮኸችም። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና፣ «እኔና አንተ ከአገር የወጣነው በእግራችን ነው» አለች። «ያኔ የሚያሳድደን ነበር። አሁን ማን አባረረህ?»

እሷ ሳትመርቀኝ ደግሞ የትም ሄጄ አላውቅም፤ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና እንኳ ራሴ ላይ እጇን ጭና ነው የላከችኝ። አሳድጋኛለች። የቀረችኝ እናት እሷ ናት። ቲኬቱ ኪሴ ውስጥ፣ ምርቃቱ እሷ ዘንድ፣ እኔ መካከል ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

እንዲህ ተኳርፈን ሳለን አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በራችን ተንኳኳ። ገላዬን ታጥቤ ፎጣ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ስወጣ ሁለት ሽማግሌዎች ሶፋችን ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ ነጭ ጋቢያቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። እኔን ሲያዩ ደነገጡ።

«ታርቃችኋል እንዴ?» አሉ።

እህቴ ግራ ገባት። «ከማን ጋር ጋሼ?»

«ልጄ፣ አትደብቂን። ወንድም ወንድም ነው። የቤቱ ኪራይ ሊዝ በስምሽ ቢሆንም፣ ማለቴ፣ የእናትሽ ልጅ ሜዳ ላይ አይወድቅም። በዓይኔ ነው ያየሁት። ቀይ ላይት ይዞኝ ስቶፕ አድርጌያለሁ፤ ይሄ ልጅ ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን፣ ያለውን ሁሉ ጭኖ ወደ ሌዊስቪል ይሄዳል። ራይድ ልስጥህ፣ ግባ ብለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አለፈኝ። ሶ፣ ከቤት ወጥቷል፣ ሼልተር፣ ማደሪያ እየፈለገ ነው አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ስናገር ሌሎችም አይተውታል።»

ለካስ ደብሩ በሙሉ ለእኔ ሲያዝን ሰንብቷል። እህቴ ጨክና አባረረችው ተብሎ ተወርቶ፣ አስታርቁ ተብለው ተልከው መምጣታቸው ነው። እኔ ሳቄ መጣ። እህቴ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አላባረርኩትም ጋሼ» አለች። «ራሱን በራሱ ነው የሚያባርረው። ሽማግሌ አጥቼ ነበር፣ እግዜር እርስዎን ላከልኝ። ይፍረዱኝ።» ብላ የእስያውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ለማስታረቅ የተዘጋጁበት ጠብ ተሰርዞ ያልተዘጋጁበት ጠብ መጣባቸው። ባለ ጋቢው ወደ እኔ ዞሩ።

«ስለት አለብህ?»

«የለብኝም።»

«ትምህርት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ደስ ይለኛል» አልኩ። ይህን ቃል በሽማግሌ ፊት ማውጣት ምን ያህል እንደከበደኝ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ሁለቱ በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ከዚያ ባለ ጋቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፈረዱ። «ኦኬ። ልጄ፣ ሳታዪው ነው እምቢ ያልሽው። አንድ ቀን በመኪናሽ ከኋላው ፎሎው አድርጊና ውሎውን ተመልከቺ። ከዚያ በኋላ ሂድ ካልሽው ይሂድ፣ ቅር ካልሽው ይቅር። አንተም በዚህ ትስማማለህ?» ተስማማሁ። እምቢ ካለች ቲኬቱን ልመልስ በፊታቸው ቃል ገባሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ዋይሊ ወጣሁ፤ ከኛ ሰፈር ሩቅ የሆነ ከተማ ነው። እህቴ የመኪናዋን ሃዛርድ መብራት አብርታ ከኋላዬ በቀስታ ትነዳለች። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋባታል፤ እሷ ንቅንቅ አትልም። መጀመሪያ ላይ፣ እሷ እያየችኝ፣ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ያህል ጀርባዬን ከበደኝ። ጎማዬ ተነፈሰ፤ ወርጄ ለጠፍኩት። ነፋሱ ከፊት መጣ፤ አጎነበስኩለት። ከዚያ በኋላ ግን ሜዳው ሲከፈት፣ እግሬ ሲሞቅ፣ ትንፋሼ መስመር ሲይዝ፣ እህቴንም ፍርዱንም ረሳሁ።

ዋይሊ ስደርስ፣ አዳዲስ ቤቶች የሚሠሩበት ሰፈር ዳር፣ ሣሩ ላይ ተዘረርኩ። እህቴ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ።

«ወደ ሱዳን ስንሄድ አንተ ከፊቴ ነበርክ» አለች። «በየጥቂት እርምጃው ዞረህ ‹አለሽ?› ትለኝ ነበር። ‹አለሁ፣ ሂድ› እልሃለሁ። ትንሽ ትሄድና ደግሞ ትዞራለህ። ጥሙንም ረኃቡንም ረስቼዋለሁ። ያንን አንገትህን ግን አልረሳሁትም።»

ትዝ አለኝ። የጠፋችብኝ እየመሰለኝ ነበር የምዞረው።

«ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከኋላህ ነበርኩ» አለች። «አንድ ጊዜ እንኳ አልዞርክም።»

የተቀየመች መሰለኝ። «ይቅርታ፣ ረስቼሽ ነው» አልኳት።

«እኮ» አለች። «እሱን እኮ ነው የምልህ። ያኔ ፈርተህ ነበር የምትዞረው።»

ተነሳችና እጇን በላብ በራሰው ራሴ ላይ ጫነች። «ሂድ። መንገዱ ይቅናህ። ደግ ሰው ይግጠምህ። በሰላም ገብተህ በሰላም ተመለስ።» አሜን አልኩ። የተሳሳቱትን ሽማግሌዎች በልቤ መረቅኋቸው፤ አሁንም እመርቃቸዋለሁ። እነሱ ባይሳሳቱ ኖሮ እኔ ዛሬም ዌርሃውሱ በር ላይ ቆሜ የሌላ ሰው እስያ እያዳመጥኩ ነበር።

ላኦስ ውስጥ እምቢ ያልኩት ሾፌር ትቶኝ አልሄደም። ዳገቱ አናት ላይ መኪናውን አቁሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት፤ ውሃና ሙዝ ሰጥቶኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ስሙን እንኳ አላውቅም። ቁልቁል ከወረድኩ በኋላ ባገኘሁት ትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ገብቼ ቤት ደወልኩ። እዚያ ገና ሊነጋጋ ነው፤ እህቴ ለሥራ እየለበሰች ነበር። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ሙዙ ሳልተነፍስ ነገርኳት። ነገ ወደ ቬትናም ድንበር የሚወስደውን መንገድ እንደምጀምር፣ እዚያ ስልክ ላይኖር እንደሚችልም ነገርኳት።

መስመሩ ፀጥ አለ። የተቋረጠ መሰለኝ።

«አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች። «ሂድ።»